የንባብ ድጋፍ ለሚቸገሩ ጀማሪ አንባቢዎች፦ ረቂቁ ላይ ያልጨረስናቸው ነገሮች

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን አየሁት፣ እጃችሁ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ 120 ደቂቃ እናስጠና የሚለው ቢቀር ደስ ይለኛል። ማንበብ የከበደው ልጅ የቅዳሜውን እስከ ማክሰኞ ይረሳዋል። በዚያ ላይ ከቤት የሚቀረው ብዙ ጊዜ በጣም የምንፈልገው ልጅ ነው። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይሁን። ሲደመር 80 ደቂቃ ነው፣ ያንሳል፣ ግን ልጁ የያዘውን ሳይጠፋበት በማግስቱ ይደግመዋል።

ሁለተኛ፣ ምን እንደቸገረው ሳናውቅ ማንንም ልጅ ቡድን ውስጥ አንክተት። በቀደም አንዷን ተማሪዬን ከጎኔ አስቀምጬ አስነበብኳት። ሀ ሁን እንደ ዘፈን ታወርደዋለች፣ አንድም አትስትም። ገጹ ላይ "ሱሪ" የሚል ቃል አለ። ጣቷን አስቀመጠችና "ሲ..." አለች፣ ቆመች፣ ሥዕሉን አየት አደረገችና በደስታ "ልብስ!" አለችኝ። ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ፊደሉን በተራው በቃሏ ይዛዋለች እንጂ ከመሃል ነጥለው ሲያሳዩዋት አታውቀውም፤ ሱ ጭረቷ ወገቧ ላይ፣ ሲ ደግሞ እግሯ ሥር መሆኑን ቁጭ ብሎ ያሳያት ሰው የለም። ሱን ከሲ፣ ቡን ከቢ፣ ኩን ከኪ ጎን ለጎን አድርገን እናለማምዳት።

ሌላው ልጅ ፊደሉን ጥርት አድርጎ ይለያል፣ ግን አንድ በአንድ ሲለቅም ቆይቶ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ለሱ ያችኑ አጭር ጽሑፍ ሦስቴ አራቴ ማስደገም ነው የሚያዋጣው። ሁለቱን አብረን ብናስቀምጣቸው አንዱ ይሰለቻል፣ አንዷ ትደናገራለች።

ወላጅ፦
ልክ ብለሻል እህቴ። እኔ የምጨምረው፣ ልጄ ዓመቱን ሙሉ "አትጥርም" ስትባል ከርማ ችግሩ ዓይኗ ሆኖ ተገኘ። ሰሌዳው አይታያትም ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የዓይንና የጆሮ ምርመራ ይግባበት። ደግሞ እባካችሁ ከእረፍትና ከስፖርት ሰዓት አታስቀሯቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሲከብደው ለሚውል ልጅ የቀረችው ደስታ ያቺ ሩጫ ናት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰዓቱን ቀይሬዋለሁ፣ ምርመራውንም አንደኛ ተራ ላይ አስገብቻለሁ። ያልገባኝ የሰው ነገር ነው። በጎ ፈቃደኞች አሉን፣ ግን ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ነው የሚመጣው። ስሙስ? "ለደካማ ተማሪዎች ማጠናከሪያ" ይሁን ወይስ ሌላ እንፈልግ?

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
"ደካማ" የሚለው ይውጣልን። ልጆቹ ወዲያው ይሰሙታል፣ ከዚያ ጓደኛ እያያቸው በዚያ በር አይገቡም። "የንባብ ሰዓት" ይበቃል።

አንድ ሰው አንድ ቡድን ይያዝ፣ ከ3 እስከ 5 ልጅ፣ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ሳይቀየር። ሰው ካነሰን ቡድን እንቀንስ። ልጅ እየተሳሳተ ጮክ ብሎ የሚያነበው ለለመደው ሰው ነውና። በጎ ፈቃደኞቹም ከመጀመራቸው በፊት እኛ ስናስነብብ ጥቂት ቀን ይዩ፣ በተለይ ዝም ብሎ መጠበቅን ይልመዱ፤ ልጁ ገና ሲያስብ ቃሉን ከአፉ የምንነጥቀው እኛ ነን።

ክትትሉን አናወሳስበው። በየሦስት ሳምንቱ አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ ለ1 ደቂቃ ያንብብ፣ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት እንቁጠር፣ ከዚያ ምን እንዳነበበ ይንገረን። ለሁለት ዙር ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የምናስተምርበትን መንገድ እንቀይር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተስማምተናል። አስተካክዬ ሐሙስ ማታ እለጥፈዋለሁ። ቡድን መያዝ የምትችሉ ከነምትችሉበት ቀን እዚሁ ጻፉልኝ፣ እስካሁን ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለን።