ፅንሱ እስከ 3ኛው ቀን አምሮ ከዚያ የሚቆመው ለምንድን ነው? የስፐርም ኦክሲዴቲቭ ስትረስ (ፍሪ ራዲካል የተባሉ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶች የሚያደርሱት ጉዳት) ይሆን?

ጥያቄ (ከፅንስ ላብራቶሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የኢክሲ (አንድ ስፐርም በመርፌ እንቁላል ውስጥ የማስገባት) ጉዳይ ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። ሚስት 29 ዓመቷ ነው። ከ11 የበሰሉ እንቁላሎች 9ኙ ዳበሩ፣ ሁለቱም ፕሮኑክሊየሶች (የእናትና የአባት ዲኤንኤ የያዙት ክቦች) በግልጽ ታይተዋል። በ3ኛው ቀን 7ቱ ባለ 8 ሴል ነበሩ። በ5ኛው ቀን የተገኘው ግን አንድ ደካማ ብላስቶሲስት (ወደ ማህፀን ለመግባት የደረሰ ፅንስ) ብቻ ነው። ሁለተኛው ዑደትም በዚሁ መልክ አለቀ።

የባል ምርመራ፦ 22 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር፣ ወደፊት የሚዋኘው 34 በመቶ። ክብ ሴሎች (ነጭ የደም ሴሎች ወይም ያልበሰሉ የዘር ሴሎች) ይበዛሉ። ሲጋራ ያጨሳል፤ ናሙና የሰጠው ዘር ሳያፈስ ከ6 ቀን ቆይታ በኋላ ነው። ጥፋቱ ከስፐርሙ ነው ለማለት ምን መለካት አለብን? ለሦስተኛው ዑደትስ ምን እንቀይር?

መልስ 1

የቆሙበት ቀን ትልቅ ፍንጭ ነው። እስከ 3ኛው ቀን ፅንሱ የሚኖረው እንቁላሏ ባጠራቀመችው ስንቅ ነው። የራሱ ጂኖች፣ የአባቱም ጭምር፣ በስፋት ሥራ የሚጀምሩት ከ4 እስከ 8 ሴል ሲደርስ ነው። የአባት ዲኤንኤ ተጎድቶ ቢሆንም እስከዚያ ድረስ ምንም ላይታይ ይችላል። ገና ከመጀመሪያው ክፍፍል ቢዛባ ኖሮ እንቁላሏን ወይም ስፐርሙ ይዞት የሚገባውን ሴንትሪዮል (የሴል ክፍፍልን የሚመራ አካል) እጠረጥር ነበር።

ስፐርም ለዚህ ጉዳት የተጋለጠው በአፈጣጠሩ ነው። ሽፋኑ ፖሊአንሳቹሬትድ በሚባለው፣ ኦክስጅን ቶሎ በሚያበላሸው የስብ ዓይነት የተሞላ ነው። ሲበስል ሳይቶፕላዝሙን ስለሚጥል መከላከያ ኢንዛይሞቹም አብረው ይሄዳሉ። ዲኤንኤው ላይ ጓኒን የተባለው ቤዝ ኦክሲዳይዝ ሲሆን ስፐርሙ ያለው የጥገና ኢንዛይም ኦጂጂ1 ብቻ ነው፤ የተበላሸውን ቤዝ ቆርጦ ያወጣል፣ ክፍተቱን የሚሞላ ግን የለውም። ቀሪውን ሥራ የምትጨርሰው እንቁላሏ ናት፣ ያውም ከመጀመሪያው ክፍፍል በፊት። ጉዳቱ ከአቅሟ በላይ ከሆነ ስህተቱ ተባዝቶ ይቀጥላል። የእንቁላል የመጠገን አቅም በዕድሜ ይደክማል፤ በ29 ዓመት እንዲህ ሁለት ጊዜ መደጋገሙ ነው ወደ ወንዱ እንድመለከት የሚያደርገኝ።

ኢክሲም የራሱ ድርሻ አለው። ሽፋኑ የተበላሸ ስፐርም በተለመደው አይቪኤፍ (ስፐርምና እንቁላል በሳህን አብረው ተቀምጠው ሲገናኙ) እንቁላሏን ሳይደርስ ይቀር ነበር፤ በመርፌ ስናስገባው ያንን ወንፊት አልፎ ይሄዳል። መልኩ ያማረና የሚዋኝ ስፐርም ዲኤንኤው የተሰባበረ ሊሆን ስለሚችል የዓይን ምርጫ ዋስትና አይሆንም።

ለመለካት፦ በዲኤንኤ ስብርባሪ (የተሰባበረው ዲኤንኤ መጠን) ምርመራ ጀምሩ፤ የጉዳቱ መንስኤ ኦክሲዴሽን መሆኑን ግን ብቻውን አያሳይም። ኤስሲኤስኤ በተባለው የምርመራ ዘዴ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። የአንዱን ዘዴ ቁጥር ግን በሌላው ወሰን አትመዝኑ፤ የሌሎቹ ዘዴዎች፣ የቱኔል፣ የሄሎና የኮሜት፣ ወሰኖች ይለያያሉ። ማይኦክሲስ (የፈሳሹን የኦክሲዴሽን ሚዛን የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ የሚጠቀሰው ወሰን 1.34 ሚሊ ቮልት በሚሊዮን ስፐርም ነው። ንባቡ በስፐርም ብዛት ስለሚካፈል ከ1 ሚሊዮን በታች በሆነ ናሙና ላይ ያለ አግባብ ይጋነናል።

መልስ 2

ባልየውን ከመክሰሳችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የሌሎች ጥንዶች ፅንስ ስንት ብላስቶሲስት እንደሰጠ ተመልከቱ። የእነሱም ከወትሮው ከወረደ ችግሩ ከሚዲያው (ፅንሱ ከሚያድግበት ፈሳሽ)፣ ከሚሸፍነው ዘይት ወይም ከኢንኩቤተሩ ነው። ሙቀት ወይም ብርሃን ላይ የቆየ የሚኒራል ዘይት ፐርኦክሳይድ ያበጃል፤ ፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ቀጥሎ የናሙና ዝግጅታችሁን መርምሩ። ሳይጣራ በኃይል ሴንትሪፊውጅ የተደረገ የዘር ፈሳሽ ነጭ የደም ሴሎችንና ያልበሰሉ ስፐርሞችን ከጤነኞቹ ጋር አንድ ፔሌት (በቱቦው ታች የሚጠራቀም ዝቃጭ) ውስጥ ይጨፈልቃል፤ ያን ጊዜ ፍሪ ራዲካል በብዛት ይለቀቃል። ክብ ሴል የበዛበትን ናሙና መጀመሪያ በ80/40 ግራዲየንት (80 እና 40 በመቶ በሆኑ ሁለት የማጣሪያ ፈሳሽ ንብርብሮች) አሳልፉት፣ 300 ጂ ለ20 ደቂቃ። ከዚያ ፔሌቱን ብቻ በአዲስ ፒፔት ወደ ንጹህ ቱቦ ወስዳችሁ በ200 ጂ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እጠቡት። በአሮጌው ፒፔት የላይኛውን ንብርብር ነክቶ ታች መውረድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ያስወገዳችሁትን ነጭ ሴል መልሳችሁ ታመጡታላችሁ። ናሙናው ፈሳሽ እንደሆነ፣ ቢበዛ በ1 ሰዓት ውስጥ ጀምሩ። የተዘጋጀውን ስፐርም 37 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት አታቆዩት፤ ስብርባሪው እየጨመረ ይሄዳል። መርፌው እስኪደርስ በክፍል ሙቀት ይቆይ።

አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ ይዘነጋልና። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የኢንኩቤተሩ መስኮት 6 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያሳይም ሚዲያው ውስጥ የሚሟሟው ያነሰ ነው፤ ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያው) ይወጣል። በስሌት ወደ 8 በመቶ መጠጋት ያስፈልጋል። ውሳኔው ግን በመቶኛው ሳይሆን ሚዲያው ውስጥ በተለካው ፒኤች ይሁን፣ አምራቹ ባስቀመጠው ወሰን፣ በአብዛኛው ከ7.2 እስከ 7.4። ኦክስጅኑን ደግሞ ወደ 5 በመቶ ዝቅ የሚያደርግ ኢንኩቤተር ተጠቀሙ። የክፍል አየር ኦክስጅን በዚህ ከፍታም ቢሆን ፅንሱ በተፈጥሮ ከሚያገኘው ይበልጣል፤ ከስፐርሙ የመጣ ጉዳት ላይ ሌላ ጉዳት አትደርቡ።

ጥያቄ አቅራቢው

አመሰግናለሁ። የሌሎቹ ጥንዶች ውጤት አልወረደም፣ ፒኤቹም 7.28 ነው። ባልየው የቫይታሚን ድብልቅ ታዝዞለት ሦስት ሳምንት ወስዷል። በዚሁ እንቀጥል?

መልስ 3 (ከወንዶች መካንነት ሕክምና)

እንግዲያው ወደ ሰውየው እንምጣ። ክኒኑን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉትና ምንጩን ፈልጉ። ክብ ሴሎቹ ምንድን ናቸው? በፐርኦክሲዴዝ ቀለም ለዩአቸው። በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ነጭ የደም ሴል ከተገኘ የኢንፌክሽን ምርመራ ያስፈልጋል፤ ካልሆኑ በአብዛኛው ያልበሰሉ የዘር ሴሎች ናቸውና አንቲባዮቲክ አይጠቅማቸውም። ከዚያ ቆሞ ይመርመር። በእጅ የሚዳሰስ ቫሪኮሲል (ያበጠ የፍሬ ደም ሥር) ካለ ማከሙ ስብርባሪውን ሊቀንስ ይችላል። ሲጋራውን ያቁም፤ ለዚህ ምርመራ አይጠበቅም።

ስለ ቫይታሚኑ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም ጥንዶች ለመድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ ይከፍሉበታል። በ2020 የወጡት ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ጥናቶች፣ ሞክሲና ፋዝት፣ ያሳዩት ጥቅም የለም። ሞክሲ ቫይታሚን ሲ፣ ኢ፣ ሴሌኒየም፣ ካርኒቲን፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና ላይኮፒን ሰጥቶ ስብርባሪውን አልቀነሰም። ፋዝት 30 ሚሊ ግራም ዚንክና 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ሰጥቶ የሕያው ልደትን ቁጥር አላሻሻለም፤ ስብርባሪው እንዲያውም በትንሹ ከፍ ብሏል። ሲበዛ አደጋም አለው፦ ስፐርም ፍሪ ራዲካልን በጥቂቱ ለመብሰል ይፈልገዋል፣ ዲኤንኤውን አጥብቆ የሚያሽገውም የሰልፈር ትስስር ነው። ከመጠን ያለፈ አንቲኦክሲዳንት ይህን ትስስር ሊያላላው ይችላል።

ሦስት ሳምንት ደግሞ ለማንኛውም ሕክምና አጭር ነው። ስፐርም ተፈጥሮ እስኪወጣ ከ2 ወር ተኩል እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ምንጩን ካከማችሁ በኋላ ምርመራውን መድገም ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው የሚቀየረው የ6 ቀኑ ቆይታ ነው። ስፐርም በማከማቻው ቱቦ በቆየ ቁጥር ለኦክሲዴሽን ይጋለጣል። ቀደም ብሎ በየ1 ወይም 2 ቀኑ ያፍስስ፤ በሕክምናው ዕለት ቆይታው ከ24 ሰዓት ብዙ አይለፍ። ብዛቱ ትንሽ ይወርዳል፣ ለኢክሲ ግን ይበቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ስብርባሪው ከ30 በመቶ ካልወረደ፣ ከሁለት ከሸፉ ዑደቶች በኋላ ስፐርሙን ከራሱ ከፍሬው በቀዶ ማውጣት ይታሰባል፤ እዚያ ያለው ስብርባሪ ከፈሳሹ ያነሰ ነው። የክሮሞሶም ስህተት ግን ሊበዛ ስለሚችል፣ የሁለቱም ካርዮታይፕ (የክሮሞሶም ምርመራ) ከዚያ በፊት መታየት አለበት።