ያሪስ ላይ ሦስት መብራት፣ አንድ የ58 ሺህ ብር ሒሳብ፤ ምን ላድርግ?

ባለ ያሪስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው የምኖረው። የልጆች ልብስ እሸጣለሁ፣ ማክሰኞና ዓርብ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ እመላለሳለሁ። ከሁለት ወር በፊት ዕቁብ ሲደርሰኝ ያለኝን ጨማምሬ፣ ከወንድሜም ተበድሬ 2008 ሞዴል ያሪስ ገዛሁ። 1.5 ሞተር፣ ኦቶማቲክ። ስገዛት ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልነበረም። በሳምንቷ ቢጫዋ የሞተር ምልክት በራች። ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ቤንዚን ሳልሰጣት ሞተሩ ሲሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቆማ ስትነሳም አንድ አፍታ ታመነታለች።

ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮምፒውተር ሰክቶ አየና "ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ የጭስ ማጽጃው ካታሊስቱም አልቋል" አለኝ። ሁለቱም ከነጉልበቱ 58 ሺህ ብር። ጠዋት ሳስነሳት የምትበራ ሰማያዊ መብራትም አለች። "እሷ ደግሞ ተርሞስታት ነች፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው፣ 6 ሺህ ጨምሪ" አለኝ። ትንሽ ስነዳ ግን ራሷ ትጠፋለች።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ብዙም አያስጨንቀኝም። አደባባይ ስዞር ቀይ የፍሬን መብራት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። የእጅ ፍሬን አልያዝኩም።

58 ሺሁ ለበዓል ዕቃ ማስገቢያ የያዝኩት ብር ነው። ልክፈል ወይስ ሌላ ቦታ ላሳይ?

የፍራንኮ ልጅ

አይዞሽ እህቴ። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቺና 15 ደቂቃ አቆዪው፣ መብራቷ ድራሿ ይጠፋል። እኔ በየወሩ እንደዛ ነው የማደርገው።

ስካነር በእጁ

ወንድሜ፣ በየወሩ የምታደርገው ከሆነ እኮ አልተሠራም ማለት ነው።

እህቴ፣ ሻጩም ይህንኑ ዘዴ የተጠቀመ ይመስለኛል። ባትሪ ሲፈታ ወይም በስካነር ሲደመሰስ መብራቱ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን ያው እዚያው ነው። ብዙዎቹ ብልሽቶች ደግሞ መብራቷን የሚያበሩት ኮምፒውተሩ በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ካያቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ገዢው መኪናዋን ሞክሮ፣ ተደስቶ፣ ከፍሎ ይሄዳል። መብራቷ የምትመጣው ስም ከተዛወረ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ ክፈቺ። በዚያ ሰዓት የሞተሩ፣ የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የኤርባጉ ምልክት ሁሉም መብራት አለባቸው። አምፖላቸው ደህና መሆኑን መኪናዋ ራሷ የምታሳይሽ ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ያልበራ ካለ ንገሪን።

ሌላው፣ "ሴንሰር ነው" የሚል ቃል አይበቃም። ቁጥሩ ስንት ነው? የብልሽት ኮድ ፊደልና አራት አኃዝ አለው። ሄደሽ አስጽፈሽ ነይ። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ትቀጂ እንደሆነም ንገሪን።

ባጃጅ ይሻላል

ለዚህ ነው ባጃጅ የገዛሁት። ሦስት ጎማ፣ ዜሮ ኮምፒውተር።

ሹፌር ነኝ

ሰው ሁሉ ስለ ቢጫዋ ያወራል። እኔን ያስደነገጠኝ "ብዙም አያስጨንቀኝም" ያልሽው ቀዩ ነው!

ቢጫ መብራት "ጊዜ ስታገኚ እዪኝ" ነው። ብልጭ ድርግም ካላለች በቀር ጋራዥ እስክትደርሺ ቀስ ብለሽ መንዳት ትችያለሽ። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በትክክል እየነደደ አይደለም። ያልነደደው ቤንዚን ጭስ መውጫው ውስጥ ገብቶ ካታሊስቱን ያቃጥለዋል፣ ያኔ የ58 ሺሁ ሒሳብ እውነት ይሆናል።

ቀይ ሌላ ነገር ነው። የዘይት ጣሳ የምትመስለው ቀይ ከበራች ዳር ይዘሽ ወዲያው ማጥፋት ነው፣ ጋራዡ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ቢሆንም። ቀይ ባትሪ ከሆነ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው፣ ቺንጋው ካልተበጠሰ ባትሪው እስኪያልቅ ትንሽ ታስኬድሻለች። ቀይ ፍሬን ከሆነ ግን ፈጣን መንገዱ ላይ አትውጪ። በ100 ስትነጂ በየሰከንዱ 28 ሜትር ገደማ ነው የምትሄጂው። ሞጆ አካባቢ ሲኖትራክ ከፊትሽ ድንገት ቢቆም ምን እንደሚሆን አስቢው።

ጋሽ ቺንጋ

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ዛሬ ዓይኔ ስለደከመ ልጆቹ ይሠራሉ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሞተር ደግሞ በጆሮ ነው የሚታወቀው።

ከፍሬኑ ልጀምር። ኮፋኖውን ክፈቺ። በሹፌሩ በኩል፣ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ፣ ነጣ ያለ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። የፍሬን ዘይት ነው። ጎኑ ላይ ሁለት መስመር አለው፣ ላይኛውና ታችኛው። ዘይቱ ታችኛው ጋ ደርሶ ከሆነ ነገሩ ገባኝ። የፍሬን ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዘይቱም ተከትሎት ይወርዳል። ስትዞሪ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፣ ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ዝቅ ይላል፣ መብራቷ ብልጭ ትላለች። ቀጥ ስትዪ ይመለሳል። አደባባዩ ላይ ብቻ የምታዪው ለዚህ ነው።

ታዲያ ዘይት ጨምሮ መብራቷን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። እንዳታደርጊው! ጎማዎቹን አስፈትተሽ ሸራውን እዪ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየር። ሸራው ደህና ሆኖ ዘይቱ ከወረደ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ያ የባሰ ነው። ስትሞዪ ዶት 3 የሚለውን ግዢ፣ የታሸገውን። ተከፍቶ የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ቀለም ላይ ካፈሰሱብሽም ቶሎ በውኃ ይታጠብ፣ ቀለም ይልጣል።

ሰማያዊዋ ብልሽት አይደለችም። የአንቺ ያሪስ የሙቀት መለኪያ ቀስት የለውም። በእሱ ፋንታ ሁለት መብራት አለው፣ ሰማያዊው "ሞተሩ ገና አልሞቀም"፣ ቀዩ "በጣም ሞቀ"። ጠዋት በርታ ትንሽ ስትነጂ መጥፋቷ ጤነኛነቷ ነው። ግማሽ ሰዓት ነድተሽ ካልጠፋች ያኔ ተርሞስታት እንላለን። ለጤነኛ መብራት 6 ሺህ የጠየቀ ልጅ የቀረውን ሒሳብ እንዴት እንደሠራው እኔም ጥርጣሬ ገብቶኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ልበል። "አዳማ ሞቃት ነው፣ ተርሞስታት አያስፈልግም" ብለው አውጥተው የሚጥሉ አሉ። አትስሚያቸው። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሄድ ቤንዚን ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ባለ ያሪስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የፍሬን ዘይቱን አየሁት፣ እንዳሉት ታችኛው መስመር ላይ ነው። ለካ የናቅኩት ነው ጉዱ።

ኮዱንም ጠይቄ መጣሁ። "ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍልኝ" ስለው ገላመጠኝ፣ ግን ጻፈልኝ። ፒ 0171። ሌላ ኮድ የለም። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የገዛሁት አንዴ ብቻ ነው፣ ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን።

ስካነር በእጁ

በቃ፣ ተገኘ ማለት ይቻላል። ካታሊስት ሲደክም የሚመጣው ኮድ ብዙ ጊዜ 0420 ነው። የአንቺ 0171 ነው። ትርጉሙ "የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ቀጥኗል" ነው። ወይ ያልተቆጠረ አየር እየገባ ነው፣ ወይ ነዳጁ አንሷል። ይህን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ደግሞ ያው "ሞቷል" የተባለው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። መልእክተኛ አይወቀስም አይከሰስም፣ የአንቺ ጋራዥ ግን መልእክተኛውን ሊቀብረው ነው።

ጋሽ ቺንጋ

ስካነር በእጁ ያለው ልክ ነው። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄድ ወፍራም ጥቁር የላስቲክ ቱቦ አለ፣ መሀሉ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ። ከዚያ በፊት የሚገባውን አየር የሚቆጥር ኤር ፍሎ የሚባል ሴንሰር አለ። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ሳይቆጠር የሚገባ አየር ይኖራል፣ ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጠውም ለዚያ ነው። ሞተሩን አጥፊና ላስቲኩን በእጅሽ ወጠር አድርጊው። እጥፋቶቹን አንድ በአንድ፣ በተለይ ከሥር በኩል፣ በስልክሽ መብራት እዪ። ስንጥቁ ካልተወጠረ አይታይም።

እዚያ ካልተገኘ ኤር ፍሎውን ለእሱ በተሠራ መርጫ ማጽዳት፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፖምፓውን ግፊት መለካት። ከርካሹ ወደ ውዱ ነው የሚኬደው። ያ የጋራዡ ልጅ ከላይ ወደ ታች ነው የጀመረው።

የሐዋሳዋ

እኔ ልምዴን ልጨምር። ሴት ብቻዋን ጋራዥ ስትገባ ዋጋ እንደሚጨምር የታወቀ ነው፣ እሱን ትቼ ስለ ካታሊስት ልንገርሽ። የኔን "ተዘግቷል" ብለው አወጡትና በባዶ ቱቦ ተኩልኝ። አሮጌውን አልጠየቅኩም። ለካ ውስጡ ፕላቲነምና ፓላዲየም አለው፣ ገዢ አለው። እኔ ለማውጫ ከፈልኩ፣ እነሱ ዕቃዬን ሸጡት። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ዋጋው ሥራው ሳይጀመር በወረቀት፣ የዕቃውና የጉልበቱ ለየብቻ። ዕቃውን ራሴ እገዛለሁ። የወጣውን አሮጌ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ ይዤ እሄዳለሁ። ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ባለ ያሪስ (ከ9 ቀን በኋላ)

ውጤቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

ላስቲኩን ወንድሜ እየወጠረ እኔ በስልክ አበራሁ። ሦስተኛው እጥፋት ላይ፣ ከሥር፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል ስንጥቅ። ጠርዟ ላይ አቧራ ተጋግሯል፣ ሳይወጠር ምንም አይታይም። ሞተሩ እየሠራ ጣቴን ሳስጠጋ ሳብ ታደርገኛለች። መርካቶ በሄድኩበት ሶማሌ ተራ ዞርኩና ያልተሰነጠቀ አሮጌ በ3,500 ብር አገኘሁ። አዲሱን እጥፍ ነው የጠሩት።

መርካቶ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ሹፌር ነኝ ያለውን ሰምቼ ፍሬኑ እስኪሠራ መኪናዋን ከሰፈር አላወጣኋትም። የፊት ሸራዎቹ አልቀው ነበር፣ አንደኛው ከብር ሳንቲም አይወፍርም። ሸራው 4,800፣ ጉልበት ላስቲኩን ጨምሮ 1,500። ሌላ ጋራዥ ነው ያሠራሁት። ድምሩ 9,800 ብር ሆነ። አሮጌውን ሸራ ፌስታል ውስጥ አድርጌ ይዤ ወጣሁ፣ የሐዋሳዋ እንዳትታዘበኝ።

ኮዱን አላስደመሰስኩም። ስካነር በእጁ በውስጥ "ችግሩ ከተፈታ በተከታታይ ሦስት ጥሩ ጉዞ ሲያይ ራሱ ያጠፋዋል" ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠፋች። መንቀጥቀጡም የለም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነው። ያልከኝን ቁልፍ የመክፈት ፈተና ሞከርኩት። ሁሉም በሩ፣ የኤርባጉ ግን አልበራም። ጭራሽ።

ስካነር በእጁ

ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። አምፖሉ ተቃጥሎ ካልሆነ፣ መብራቱ እንዳይታይ ወጥቷል ወይ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል። እንዲህ የሚደበቀው ኤርባጉ ሲፈነዳ ወይም ሲበላሽ ነው። መሪው መሀል ያለው ክዳን ከሌላው ፕላስቲክ ቀለሙ ይለያል? ከተለየ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ቺንጋ

ልጄ፣ በዚህ ላይ ማንም ልጅ መርማሪ ሽቦ ይዞ እንዳይነካካ። የኤርባግ ሽቦና ሶኬት ቢጫ ነው፣ እንዲታወቅ ነው ቢጫ ያደረጉት። ባትሪ ተፈትቶ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ አይነካም፣ ሊፈነዳ ይችላል። ኤርባግ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ።

ባለ ያሪስ

ይለያል። የመሪው ክዳን ከሌላው ጠቆር ያለ ነው፣ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ጥቂት ዝም አለና "እኔም ስገዛው እንደዛ ነበር" አለኝ።