ጥቆማ፦ ለዞኮሎ፣ ለአጥርና ለግቢ ንጣፍ የትኛው ድንጋይ ይሻላል?

ጠያቂ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ጂ ፕላስ 1 ቤት ድንጋይ እየተመረጠ ነው። ዞኮሎው (ከመሬት በላይ ያለው የቤቱ የታችኛው ግንብ) 80 ሳ.ሜ ከፍታ አለው፣ አጥሩ በጠርቦ (በተጠረበ ድንጋይ) ይገነባል፣ ግቢው ደግሞ 60 ካሬ ያህል ንጣፍ ይፈልጋል። የቀረቡት ናሙናዎች አራት ናቸው፦ ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት)፣ ግራጫ ኢግኒምብራይት (ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ድንጋይ)፣ ቢጫ የአምቦ ድንጋይና ነጭ እምነ በረድ። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። የሚያሰጋን እርጥበትና ግድግዳ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር ነው። የቱን የት ታደርጉታላችሁ?

ጂኦሎጂስት፦ በመጀመሪያ ቀለሙንና ስሙን ተዉት። ከናሙናው ላይ ትንሽ ሰብራችሁ አዲሱን ስባሪ በውሃ አርጥቡና በአጉሊ መነጽር እዩት፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል። የምትፈልጉት ቅንጣቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቅንጣቶቹ በምን እንደተያያዙ፣ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ደግሞ እርስ በርሱ የተገናኘ ይሁን የተዘጋ ነው።

ባዛልት ምድር ላይ ፈስሶ ቶሎ የቀዘቀዘ ስለሆነ ክሪስታሎቹ በዓይን አይለዩም። ግራናይት ጥልቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ጀምሮ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በቅንጣት መጠን ሰማይና ምድር ናቸው፤ ሁለቱም ግን ክሪስታሎቻቸው ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው ያደጉ ስለሆኑ ውሃ የሚገባበት ቦታ እምብዛም የላቸውም። የአምቦ ድንጋይ ሌላ ዘር ነው። የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ማለትም ውሃ ያመጣቸው ቅንጣቶች ተደርድረው በኋላ በማጣበቂያ ማዕድን የተያያዙ። የሚነካኩት ጫፍ ለጫፍ ስለሆነ መሃሉ ክፍት ነው።

ይህን በጓዳ ዕቃ ማየት ይቻላል። አንድ ጣሳ ሽምብራ ሙሉና ከላይ ጤፍ አፍስሱበት። ሞልቷል የተባለው ጣሳ ብዙ ጤፍ ይውጣል። የአሸዋ ድንጋይም ቅንጣቱ የተደበላለቀ ከሆነ ደቃቁ የትልቁን ክፍተት ስለሚሞላው ድንጋዩ ይጠቀጠቃል፤ አንድ ዓይነት መጠን ብቻ ከሆነ ክፍተቱ ይበዛል። እኩል የሆኑ ክብ ቅንጣቶች በልቅ አደራደር 48 በመቶ ገደማ፣ በጠባቡ አደራደር ደግሞ 26 በመቶ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ሽምብራ ብቻም ሆነ ጤፍ ብቻ ቢሆን ስሌቱ ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ስፋት ላይ ነው፤ ለግድግዳ ደግሞ የሚወስነው እሱ ነው። 1 ሚ.ሜ ስፋት ባለው ቀዳዳ ውሃ ወደ ላይ የሚሳበው 3 ሳ.ሜ ያህል ነው። 0.1 ሚ.ሜ በሆነ ቀዳዳ ግን 30 ሳ.ሜ ገደማ ይወጣል። ዋልካ ላይ ለቆመ ዞኮሎ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር የለም።

ግንበኛ፦ ጂኦሎጂስቱ ባሉት ላይ ቦታ ቦታውን ልጨምር። ዞኮሎ ጥቁር ድንጋይ ይሁን፤ ሌላ አልመክርም። ግን ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም። በመዶሻ ምቱት፦ ደህናው እንደ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። የተሰበረው ጠርዝ ወደ ቡናማ ወይም አረንጓዴ የሄደ፣ በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ ይመለስ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ባዛልት ለአጥር ችግር የለውም፤ እንዲያውም ሞርታር ይበልጥ ይይዛል።

ከወለሉ ሥር 25 ሳ.ሜ ሃርድኮር (የድንጋይ ሙሌት) ይገባል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚበላሸው በአሞላሉ ነው። ድንጋዩ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ከመጣ ሰፊው ክፍተት በደቃቅ ይዘጋና ውሃ ወደ ላይ መሳብ ይጀምራል። ሃርድኮሩ ንጹሕ ይሁን፤ ከላይ የሚዘጋው በተፈጨ ጠጠር ነው፣ በገረገንቲ (አፈር በተቀላቀለበት የሙሌት ጠጠር) እንዳይሆን። ዋልካው ደግሞ አስቀድሞ ተቆርጦ ይውጣ።

ጠራቢ፦ ስለ ኢግኒምብራይት ማንም አልተናገረም። ለአጥር ጠርቦ ከእሱ የሚመች የለም፤ መሮ ይታዘዝለታል፣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከባዛልት ስለሚቀልም አያደክምም። ችግሩ ከአንድ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) ሁለትና ሦስት ዓይነት ድንጋይ መውጣቱ ነው።

ጂኦሎጂስት፦ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም አለው። ኢግኒምብራይት ከፍንዳታ የወጣ ትኩስ አመድ የተከመረበት ነው። ክምሩ ውስጥ ገባ ያለው ክፍል በሙቀቱና ከላይ ባለው ክብደት ተጨፍልቆ ይበየዳል። ላይኛው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ልል ሆኖ ይቀራል። ስባሪው ላይ የተጠፈጠፉ ጠቆር ያሉ ምላሶች በአንድ አቅጣጫ ተኝተው ከታዩ ተበይዷል፤ ውሰዱት። ፑሚሱ (አረፋ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ሳይጠፈጠፍ እንክብል ሆኖ ከታየና ጣት ላይ ዱቄት ከተወ ለአጥር አናት እንኳ አይሆንም።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦ በዓይን ከመፍረድ በፊት ይህን ሥሩ። ከእያንዳንዱ ዓይነት ጡጫ የሚያህል ሦስት ቁራጭ ያዙ። እጠቡት፣ ከዚያ 105 ዲግሪ ባለው ምድጃ 24 ሰዓት አድርቁትና 1 ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑት። ውሃ ውስጥ 48 ሰዓት ይቆይ። ሲወጣ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው መዝኑ። ደረቁ 1,240 ግራም፣ እርጥቡ 1,302 ከሆነ ልዩነቱ 62 ነው፤ ለደረቁ ሲካፈል 5 በመቶ። ይህ በክብደት ነው። የድንጋዩ እፍጋት 2.2 ግራም በሳ.ሜ ኩብ ከሆነ በ2.2 ስታበዙት ከይዘቱ 11 በመቶ ያህሉ ውሃ የሚደርስበት ክፍተት መሆኑን ታገኛላችሁ። ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ መጥረግ ነው፤ ከቀዳዳው ውስጥ ውሃ ይመጥና ውጤቱን ያሳንሳል። ሳይደርቅ የተመዘነ ድንጋይም በውሸት ጥሩ ይመስላል።

ማነጻጸሪያ ለሚፈልግ፦ የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም (የአሜሪካ የቁሳቁስ ሙከራ ድርጅት) ደረጃ በክብደት ውሃ መምጠጥን ለግራናይት እስከ 0.40 በመቶ፣ ለእምነ በረድ እስከ 0.20፣ ለአሸዋ ድንጋይ እስከ 8 በመቶ ይፈቅዳል። ለአሸዋ ድንጋይ ንጣፍ ግን ከ3 በታች የሆነውን ብትመርጡ ይሻላል። ቤተ ሙከራ የምትሄዱ ከሆነ ውሃ መምጠጡን፣ እፍጋቱንና የመጨፍለቅ ጥንካሬውን አንድ ላይ ጠይቁ፤ ጥንካሬውም በደረቁና በረጠበው ይለካ። ሲረጥብ በጣም የሚወርድ ከሆነ ማጣበቂያው ሸክላ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ ሚዛንና ምድጃ ለሌለውስ? የአምቦው ድንጋይ ደግሞ ለንጣፍ ይሆናል?

ጠራቢ፦ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ባዛልቱ ላይ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል። አምቦው ላይ እያያችሁት ጠርዙ ይጠቁርና ይሰምጣል፤ በምን ያህል ጊዜ እንደሰመጠ ቁጠሩና ናሙናዎቹን አወዳድሩ። ከዚያ ቁራጩን ሌሊቱን ባልዲ ውስጥ ዝፈቁት። ጠዋት ጠርዙን በአውራ ጣት ስታሹት አሸዋ ከረገፈ ለንጣፍም ለደረጃም አይሆንም፤ ውስጥ ለግድግዳ ማስዋቢያ ይሁን። ካልረገፈ ለንጣፍ ጥሩ ነው፤ ሻካራ ስለሆነ ዝናብ ላይ አያንሸራትትም። ውፍረቱ ከ4 ሳ.ሜ አይነስ።

ግድግዳ ላይ ሲገነባ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ተፈጥሮው ይተኛ። መስመሩን አቁሞ መለጠፍ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ውሃ በንብርብሮቹ መሃል ሲገባ ፊቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። በሲሚንቶ የሚለጠፍ ስስ ልባስ ከሆነ ሥሩ የሚቆም ውሃ እንዳይኖር አድርጉ።

ግንበኛ፦ ከተለጠፈ በኋላስ ቫርኒሽ ይቀባ?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦ ለዞኮሎ አልመክርም። ቫርኒሹ የፊቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውሃው ግን ከኋላና ከሥር ነው የሚመጣው። መውጫ ሲያጣ ከቫርኒሹ ሥር ይሰበሰባል፣ የሲሚንቶውን ጨው ተሸክሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ነጭ ይሆንና ይቆረፈዳል። የግድ ከሆነ ፊልም የማይሠራ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ውሃ የሚገፋ ሲሊኮን አዘል ቅብ ይመረጥ፤ ግንቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ በበጋ።

ነጩ ነገር ከወጣ በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት። በአሲድ ማጠብ እዚህ አገር ተለምዷል፤ እምነ በረድና የኖራ ድንጋይ ላይ ግን ጥፋት ነው። ሁለቱም ካልሳይት ስለሆኑ አሲድ ይበላቸዋል። እምነ በረድ ውሃ እምብዛም አይመጥም፣ ክሪስታሎቹ ተጠላልፈው ያደጉ ናቸው፤ ይሁንና ሎሚ ወይም አቼቶ ከነካው ወዙ ይጠፋል። የዳሌቲ እምነ በረድም ሆነ ሌላ፣ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ግራናይት ይቅደም። ነጭ ድንጋይ ሁሉ እምነ በረድ ተብሎ ስለሚሸጥ ናሙናው ላይ አቼቶ ጣሉ፦ አረፋ ካላወጣ ሌላ ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ የውስጥ ግድግዳው ብሎኬት ነው። የቀይ አመዱ (ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሻላል የፑሚሱ?

ጂኦሎጂስት፦ ሁለቱም የጋዝ አረፋ የተሞሉ ናቸው። ፑሚስ አረፋው ደቃቅ፣ ግድግዳው ስስ ሆኖ ውስጡ አየር ስለሚይዝ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ቀይ አመድ ቀዳዳው ሰፊ፣ ግድግዳው ወፍራም ነውና ብዙውን ጊዜ ይሰምጣል። ክብደት ለመቀነስ ፑሚስ፣ ለጥንካሬ ቀይ አመድ። ቀዳዳው የተገናኘ ሲሆን ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ ለማየት አቃቂ ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ከአቃቂ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ የሚቀዳው ከዚሁ ዓይነት ቀይ አመድና ቀዳዳ ከበዛው ባዛልት ውስጥ ነው።

ግንበኛ፦ ቀይ አመድ ከመቦካቱ በፊት ውሃ ይጠጣ፣ ቢቻል ከዋዜማው። ደረቁን ከሲሚንቶ ጋር ካቦኩት የቡኮውን ውሃ ይመጥና ብሎኬቱ ሲነካ የሚፈረፈር ይሆናል።

ጠራቢ፦ የግዢውን ነገር ልበል። ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ ትንሽ ማንሳት ይቻላል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ ለልባስና ለጥገና ብቻ። ለአጥርና ለዞኮሎ ካባው ድረስ ሄዶ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ መርጦ መጫን ይሻላል፤ በቢያጆ (በአንድ መኪና ጭነት) ስትስማሙ መኪናው ስንት ሜትር ኩብ እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ለኩ። በማሽን የተቆረጠ ለንጣፍ ይመረጣል፤ ውፍረቱ እኩል ነው። ቆርጠው ሲያመጡ የመጋዙ ጭቃ ቀዳዳው ውስጥ ሳይደርቅ በውሃ ይታጠብ፣ ያለዚያ ሲለጠፍ አይዝም። የእጅ ጠርቦ ለአጥር ያምራል፤ በመዶሻ የተመታ ፊት ግን ጥቃቅን ስንጥቅ ስላለው ትንሽ ይበልጥ ይጠጣል። አምቦንና እምነ በረድን ስለዚህ አታስደብድቡ።

ጭነቱ ሲመጣ ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር አንድ አንድ አንሥታችሁ ጠብታውን ሞክሩ። የተስማማችሁበትን ናሙና ግማሹን እናንተ፣ ግማሹን ሻጩ ፈርሞበት ይያዝ፤ ጭነቱ ከናሙናው ካልገጠመ ሳይራገፍ ይመለስ።