ሃርድ ዲስክ ለመከፋፈል የትኛው መሣሪያ ይሻላል? የእኔ ጥቆማ

«ሲ ሞልቶ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ፤ ዲ ግን ባዶ ነው። በምን ላስተካክለው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሲና ዲ የአንዱ ዲስክ ክፍሎች ናቸው፤ ዊንዶውስ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ሲ ላይ ነው። ሦስት መሣሪያዎችን ደጋግሜ ስለሞከርኩ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ዲስክ መከፋፈል ብቻውን ፍጥነት አይጨምርም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክን የሚያዘገየው የማንበቢያው ጭንቅላት ወዲያ ወዲህ መመላለሱና ዳታው ዞሮ እስኪመጣለት መጠበቁ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ሲባዛ ግን ዊንዶውስ ሲነሳ የምንጠብቀው ጊዜ በአብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ በመጀመሪያው ክፍል ሰብሰብ ቢሉ ጥሩ ነው። የዲስኩ መጀመሪያ ውጨኛው ጠርዝ ነው፤ በአንድ ዙር ብዙ ዳታ የሚነበበው እዚያ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ እየወረደ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ፊልምና ፎቶ እዚያ ቢቀመጥ ምንም አይልም። ኤስኤስዲ ላላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ የሚመላለስ ጭንቅላት የለውም።

ወደ መሣሪያዎቹ ልግባ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲስክ ማኔጅመንት ለቀላል ሥራ ይበቃል። ሲን የሚያሰፋው ግን ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ ተጣብቆ ሲገኝ ብቻ ነው። ዲን ስትቀንሱ ባዶው ቦታ ከዲ ኋላ ይቀራል፤ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» የሚለው የማስፊያ ትእዛዝም ደብዝዞ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ሚኒቱል ፓርቲሽን ዊዛርድ ዲን ወደ ቀኝ ገፍቶ ቦታውን ለሲ ይለቅለታል። ነጻው እትም ለዚህ ይበቃል። ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው።

ለራሴ ግን ጂፓርትድን ነው የምጠቀመው። ነጻ ነው፤ ከፍላሽ ስለሚነሳ ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው የሚሠራው። ኮምፒውተሩን ስታጠፉ ሺፍትን ይዛችሁ «ሸት ዳውን» በሉ። አለዚያ ዊንዶውስ በከፊል ብቻ ስለሚጠፋ ጂፓርትድ ክፍሉን አልነካም ሊል ይችላል። በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) የተቆለፈ ዲስክ ላይ ደግሞ አይሆንላችሁም።

በየትኛውም ብትሠሩ ባክአፕ ሳትይዙ እንዳትነኩት። አንድ ጊዜ ዲን እየገፋሁ ሳለ የቻርጀሩ ገመድ ተነቀለ። ባትሪው ደክሞ ስለነበር ስክሪኑ ወዲያው ጨለመ። መልሼ ሳበራው ዲ የለም። የልጄ የሕፃንነት ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ነበሩ። በውጭ ዲስክ ኮፒ ባላደርጋቸው ኖሮ ዛሬ አንዱንም አላያቸውም ነበር።

አንድ ምክር ደግሞ አትስሙ፤ ፔጅ ፋይልን (ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ፋይል) ወደ ዲ አዛውሩ የሚለውን። ዲ ያው ዲስክ ላይ ከሆነ ጭንቅላቱን የባሰ ማመላለስ ነው። የሚጠቅመው ሌላ ዲስክ ካላችሁ ብቻ ነው።

ሲ የሞላው በዳውንሎድና በፎቶ ከሆነ ደግሞ መከፋፈሉም ላያስፈልግ ይችላል። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ከዚያ «ሎኬሽን» ብላችሁ ወደ ዲ አዙሩት። እስቲ ከሱ ጀምሩ።