«ረዘመ» ወይስ «ጠናባት»? ስለ ምጥ ቃላት

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ከማማጫ ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ታላቅ እህቴን ምጥ የያዛት ትናንት ማታ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ለሚደውልልኝ ሁሉ «ምጡ ጠንቶባታል» እያልኩ ስመልስ አጠገቤ ያሉት አክስቴ ተቆጡኝ። «ረዘመ በይ እንጂ ጠናባት አትበይ፤ ሰው ታስደነግጫለሽ» አሉኝ። እኔ ሁለቱን እስከ ዛሬ እንደ አንድ ቃል ነበር የምጠቀምባቸው። ልዩነታቸውን የሚያስረዳኝ አለ? እንቅልፍም የለኝ፣ ሰዓቱም አልሄድ ብሎኛል። ስለ ምጥ የምታውቁትን ቃል ሁሉ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።

መላሽ፦

በሰላም ያገላግልልሽ እህቴ። አክስትሽ ልክ ናቸው።

«ረዘመ» የሚለካው ርዝማኔን ብቻ ነው። መንገድ ይረዝማል፣ ሌሊት ይረዝማል፣ ወሬ ይረዝማል፤ ስለ ረዘመ ከፋ አይባልም። «ጠና» ደግሞ ከግእዙ «ጸንዐ» የመጣ ነው፤ በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። አማርኛ የግእዙን ጸ ብዙ ጊዜ ወደ ጠ ይለውጠዋል፤ «ጾመ» ጦመ እንደሚባለው ማለቴ ነው። «ጸና»ና «ጠና» ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። «ጸና» ስንል እምነትና አቋም ይታወሰናል፤ «ጠና» ስንል በሽታ፣ ረሃብ፣ ችግር። ስለዚህ ደዋዩ «ጠንቶባታል» ስትዪው የሚሰማው «አደጋ ላይ ናት» ነው።

ቃሉን ይበልጥ የምታከብደው ግን መጨረሻው ላይ የገባችው «ባት» ናት። አማርኛ ለሰው የሆነለትንና የሆነበትን የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። ዳኛ ይፈርድለታል ወይም ይፈርድበታል፤ ግሱ አንድ፣ ዕጣው ሁለት። ያው ዝናብ ለገበሬው ይዘንብለታል፣ በመንገደኛው ላይ ይዘንብበታል። ምጥም እንደዚያው ነው። ሳታስበው መንገድ ላይ የደረሰባትን ሴት «ምጥ መጣባት» እንላለን። ቀኗ አልፎ ስትጠብቅ የከረመችዋን ግን «መጣላት» ሲሉላት ሰምቻለሁ። ሕመሙ ያው ነው፤ «ላ» ስትገባ ግን ሲጠበቅ የነበረ ነገር ይሆናል።

ሌላም አለ። መጀመሪያ ላይ «ምጥ ያዛት» ነው የሚባለው። ያዥው ምጡ ነው፤ ሴትዮዋ የተያዘች ናት፤ እንቅልፍ ወይም ትኩሳት ሰውን እንደሚይዘው። ቆየት ሲል ግሱ ይገለበጥና «አማጠች» ይባላል። አሁን አድራጊዋ እሷ ናት። «አምጣ ወለደች» ስንል ልጁን ያመጣችው በራሷ ጉልበት ነው ማለታችን ነው። ደግሞ ይህች «አምጣ» በጽሕፈት ወንድ ልጅን «ውሃ አምጣ» ከምንልባት «አምጣ» ጋር አንድ ናት፤ ለሴትም ስናዝ «አምጪ» ከ«አመጣ»ም ከ«አማጠ»ም ይወጣል። ሥራቸው የተለያየ ሁለት ግሶች ናቸው። ሆኖም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ «በርቺ፣ አምጪ!» ሲባል ከደጅ ሆኖ ለሚሰማ ሁለቱም ትርጉም አብሮ ይገባዋል፤ ለእኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።

የእኛ የመጀመሪያ ልጅ የተወለደች ዕለት ባለቤቴን ምጥ ከያዛት አንሥቶ 26 ሰዓት ፈጅቷል። እኔ ውጭ ነበርኩ። በሩ ላይ አንዲት ጠባብ መስታወት ነበረች፤ ከውስጥ በኩል ወረቀት ተለጥፎባታል፤ የወረቀቱ አንድ ጥግ ተልጦ ጣት የሚያህል ክፍተት ትቷል። በዚያች ክፍተት የሚታየኝ የመብራት ብርሃን ብቻ ነበር፤ ሰው ሲያልፍ ይጨልምና መልሶ ይበራል። አዋላጇ በወጣች ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ። እሷም ጓንቷን እያወለቀች «ገና ናት» ትለኛለች። ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን የሰማሁት ቃል ይሄ ብቻ ነበር ማለት እችላለሁ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ አልደረሰም ማለት ነው። ና ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የልደት በዓል ስም ይሆናል፤ ይኸኛው ልደት ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም፤ ጽሕፈታቸው ግን አንድ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይህን ሳስብ አለቀስኩ።

አዋላጇ፦

ሙያዬ ማዋለድ ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚህ የማነብ እንጂ የምጽፍ አይደለሁም። ወንድሜ ስለ «ጠና» የጻፉት ልክ ነው፤ ከበሩ ወዲህ ሆነን ስናየው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ምጡ እንዲጠና ነው የምንፈልገው። ምጥ ብዙ ጊዜ የሚረዝመው ስላልጠና ነው። «እስካሁን አልጠናም» ብለን ስንወጣ ቤተሰብ ደስ ይለዋል፤ እኛ ግን ያልነው «ገና ብዙ ይቀራል» ነው። ስለዚህ በዚህ ቃል አንግባባም። እኔ አሁን «በረታ» እና «አልበረታም» ማለት ጀምሬያለሁ፤ ማንንም አያስደነግጥም፣ ማንንም አያታልልም።

ስለ ሰዓቱም ልጨምር፤ ጠያቂዋ ትጨነቃለችና። ትናንት ማታ ከጀመረው ጀምሮ ያለው ሰዓት ሁሉ በአንድ ቋት አይደመርም። የማህፀን በር ሙሉ ለሙሉ ተከፈተ የሚባለው 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። 5 እስኪደርስ ያለው ክፍል የተወሰነ ልክ የለውም፤ ከሴት ሴት በጣም ይለያያል። ለአንዷ ጥቂት ሰዓት፣ ለሌላዋ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆን ይችላል። ከ5 በኋላ ያለው ለመጀመሪያ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ወልዳ ለምታውቅ ከ10። እኛ ተማሪ ሳለን «በየሰዓቱ 1 ሴንቲ ሜትር» ብለን ነበር የምንቆጥረው። ቁጥሩ አሜሪካዊው ሐኪም ኢማኑኤል ፍሪድማን በ1954 እ.ኤ.አ. ካወጣው የምጥ ሠንጠረዥ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ግን እናትና ልጅ ደኅና እስከሆኑ ድረስ ከዚያ ቀርፋፋ መሆኑ ብቻውን ምጡን ለማፋጠን ምክንያት አይሆንም ብሏል። ስለዚህ ልጄ፣ አዋላጇ ስትወጣ «ስንት ሰዓት ሆናት?» ከማለት «ከ5 አልፋለች ወይ? ካለፈችስ ስንት ሰዓቷ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ያረጋጋሻል፤ የሚያሳስብ ነገር ካለም በጊዜ ይገለጥልሻል።

«የታገደ ምጥ» የሚባለውን ደግሞ ከዚህ ጋር አታምታቱት። ምጡ በርትቶ እያለ ልጁ ወደ ታች አልወርድ ሲል ነው፤ ልጁ አቀማመጡ ሳይስተካከል ወይም ከዳሌዋ አጥንት ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ይደርሳል። ይህ በትዕግሥት የሚያልፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው «ረዘመ» የሚለው ቃል ይለሰልስበታል። ያኔ «ጠናባት» በሉ፤ ቦታው ነው።

ሌላ አባል፦

«ፋታ» የሚለውን ቃል ማንም አላነሣውም። «ምጡ ፋታ ሰጣት»፣ «ፋታ ነሣት» ይባላል። ዛሬ ሥራ ለበዛበት ሰው ሁሉ «ፋታ የለኝም» ማለት ነው የቀረው፤ በዚህ ቦታ ግን ትርጉሙ ፍንትው ብሎ ይታያል።

አዋላጇ፦

ደግ አደረግህ፤ ከሁሉ የምወደው ቃል ነው። ሰው ፋታ ሲባል የእናቲቱ ዕረፍት ብቻ ይመስለዋል። ማህፀን ሲኮማተር በግድግዳው ውስጥ የሚያልፉት የደም ሥሮች ይጨመቃሉ፤ ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ሲላላ ደሙ ይመለሳል፤ ልጁም ኦክስጅን ያገኛል። ስለዚህ ፋታው የሁለቱም ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከመጣ ፋታው አንሷል እንላለን፤ የልጁን የልብ ምት አጥብቀን እንከታተላለን። የምጥ መርፌ ስንሰጥ ጠብታውን እየቆጠርን ጎኗ የምንቆመው ለዚሁ ነው። እጃችን ሆዷ ላይ ሆኖ ሲጠነክርና ሲላላ እንሰማዋለን፤ ድንጋይ ይሆንና መልሶ ሊጥ ይሆናል።

መላሽ፦

እርስዎ ስለ መርፌው ካነሡ የስሙን ነገር ልበል። መድኃኒቱ ኦክሲቶሲን ይባላል፤ ከግሪክ ነው፤ «ኦክሲስ» ፈጣን፣ «ቶኮስ» መውለድ። የሙያዎም ስም ደስ የሚል ነው። «አስወለደ» ብንል ሌላ ነገር ይሆናል፤ እንድትወልድ አደረጋት ማለት ነው። «አዋለደ» ግን እንደ «አፋለገ» ያለ ግስ ነው። አፋለገ ማለት የሚፈልገውን ሰው ረዳው፤ አዋለደ ማለትም የምትወልደዋን ረዳት። ወላጇ እሷው ናት፤ አዋላጇ የሥራው አጋር ናት። እንግሊዞች ለአዋላጅ የሚሉት ሚድዋይፍም በጥንቱ ትርጉሙ ከሴቲቱ ጋር ያለች ማለት ነው። የተለያዩ ሕዝቦች ወደ አንድ ሐሳብ መድረሳቸው ደስ ይለኛል።

ሌላ አባል፦

እኔን «ተገላገለች» የሚለው ቃል አይጥመኝም። ከመጥፎ ሰው፣ ከዕዳ፣ ከአስቸጋሪ ተከራይ ነው የምንገላገለው። ልጅን እንዲህ ማለት ይከብዳል። «ወለደች» አይበቃም?

መላሽ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ «ገላገለ» የሚባለው ሁለት የተያያዙ ጠበኞችን መሐል ገብቶ ለለየ ሰው ነው። ገላጋይ የአንዱ ወገን አይደለም፤ የሚፈልገው ሁለቱም በደኅና እንዲቆሙ ነው። እናትና ልጅም እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳይጎዳ መለየት አለባቸው። «በሰላም ተገላገለች» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል፤ «በሰላም» የምትለዋ ቃል ከሌሎቹ ግሶች ይልቅ ከዚህ ጋር አትለያይም። ያንተ «ከዕዳ ተገላገልኩ» በኋላ የተስፋፋ አጠቃቀም ነው ብዬ አስባለሁ። «ወለደች» ዜና ይናገራል፤ «ተገላገለች» ግን ከውጭ ሆኖ ሲጠብቅ የነበረውን ሰው ትንፋሽ ጭምር ይዟል። እኔ ይህን ቃል አልለቅም።

«ነፍሰ ጡር»ም እንደ «ጠና» ከግእዝ መጥቶ ወደ ጠ የተለወጠ ነው። ግእዙ «ነፍሰ ፁር» ነው፤ ፆረ ማለት ተሸከመ ነውና ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። «የምጥ ጣር» ውስጥ ያለው ጣርም ግእዙ «ጻዕር» ነው። ጡር፣ ጣር፣ ጠና፤ ሦስቱም በአንድ በር ገብተው ከአንዲት ሴት ጋር የተቀመጡ ቃላት ናቸው። ወሯ የገባውን «ድርስ» ማለታችንንም እወደዋለሁ፤ ልጁ ሳይደርስ እሷ ደርሳለች።

ሌላ አባል፦

«ምጡን እርሺው፣ ልጁን አንሺው» የሚለው ተረትስ?

መላሽ፦

ከወለደች በኋላ የሚባል ነው። ምጥ ላይ ላለች ሴት ሲሉት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ የምትረሳው ነገር ገና አልቋጨም፣ የምታነሣውም ልጅ ገና አልመጣም። ሌላ ሰው ደግሞ ከችግር ሳይወጣ «እርሺው» ሲሉት እንደ ስድብ ይሆናል። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን ግን እኔ ለራሴ እወስደዋለሁ። ወንድ ሆኜ ስለ ምጥ ይህን ያህል ጽፌያለሁ፤ እዚህ ያሉት እናቶች የሳትኩትን ያርሙኝ።

አዋላጇ፦

«ጭንቅ»ን ብቻ ነው የረሱት። «ምጥ» የእሷ ነው፤ ማንም አይጋራትም። «ጭንቅ» ግን በበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው ሁሉ ይደርሰዋል። ውስጥ ያለችው «ጭንቅ ላይ ናት»፤ ደጅ ያለው «ጭንቅ ላይ ነው»። እኔ ከአልጋው አጠገብ ሆኜ ብዙ ጊዜ ስለ ደጁ ሰው አስባለሁ። ለማለት የምችለው ነገር ሳይኖረኝም ወጥቼ የምታየው ለዚህ ነው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከላይ እስከ ታች ለአክስቴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ «ጭንቅ» ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ። እንዳሉኝ ጠየቅሁ፤ ከ5 ያለፈችው ንጋት ላይ ነው፤ ልብ ምቱም ደኅና ነው አሉን። ስለዚህ ለሚደውልልኝ «ረዘመ፣ ግን ደኅና ናት» እያልኩ ነው።

አሁን ደግሞ የእህቴ አዋላጅ በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ብቻ አወጡ፤ ቸኩለዋል። «መጣላት» አሉንና ዘጉት። አክስቴ «ምን አሉ? መጣባት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «ላ» ናት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።