የቀባሁት የተልባ ዘይት አልደርቅ አለኝ፤ ጫፉ ላይ ያለው ስንጥቅስ?

ጤና ይስጥልኝ። ከኦክ እንጨት በተሠራ ባለ 102 ሳንቲ ሜትር ቦከን (ለልምምድ የሚያገለግል የጃፓን የእንጨት ሰይፍ) ተቸግሬአለሁና እርዱኝ። ቫርኒሹን በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ በ400 አለስልሼ፣ ጥሬ የተልባ ዘይት ቀባሁት። ጥፋቱ ይገባኛል፤ ትርፉን ከ15 ደቂቃ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ሲገባኝ ወፍራሙን እንዳለ ተውኩት። ይህ ዘይት የሚደርቀው በመትነን ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስለሆነ፣ ላዩ ቆዳ ሲያወጣ ሥሩ እርጥብ ይቀራል። ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው፤ መያዣው አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አውራ ጣት ሲጫነው አሻራ ይቀርበታል። በተርፐንታይን በራሰ ጨርቅ ልጥረገው ወይስ እንደገና ልፋቀው? (ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግቼ ነው ያደረቅሁት።)

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ጫፉ አጠገብ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ የወጣ፣ ፀጉር የመሰለ የ4 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ ነው። ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል፤ ግራና ቀኙን ሲጫኑት ይንቀሳቀሳል። ዘይት የጠጣ እንጨት ሙጫ በደንብ ስለማይዝ ስንጥቁን ውስጡን በምን ላጽዳው? ከተጣበቀስ ለብቻ ልምምድ ይሆናል? ስንጣሪው ዓይን ስለሚያጠፋ ከሰው ጋር ማጋጨቱን ትቻለሁ።