ከኢዴል መንደር ተነሥቶ በእግር ለመጓዝ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጠያቂ (ከማንቸስተር)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ሊጠይቁኝ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውኝ ስላሉ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ ሳምንት አንድ ቀን በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ወደምትገኘው ኢዴል መንደር በባቡር ይዣቸው ሄጄ፣ ከዚያ በእግራችን ኮረብታውን ልናይ አስበናል። መኪና የለንም። አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ደጋ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ዳገት አያስፈራቸውም፤ ቁልቁለት ግን ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። አንዱ ወዳጄ ኪንደር ስካውት የሚባለውን ከፍተኛ አምባ ውጡ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ማም ቶር የሚባለው ኮረብታ ይበቃችኋል ይላል።

ሁለተኛ የቸገረኝ ነገር አለ። ባለፈው እሑድ በሌላ መንደር በኩል ስንሄድ መንገዱ በአንድ ገበሬ ማሳ መሀል ሲያልፍ፣ አባቴ «የሰው እርሻ ረግጬ አላልፍም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ብዙ ብለምናቸውም እሺ ስላላሉ ተመለስን። እውነቱን ለመናገር እኔም ምን ብዬ እንደማስረዳቸው አላወቅሁም ነበር።

የሸፊልዱ ተጓዥ

እንኳን አባትዎ በሰላም መጡልዎ። ጉልበታቸው የሚያማቸው ሲወርዱ ከሆነ፣ መንገዱን በርዝመቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ይምረጡት። እኔ የምመክርዎ ከኢዴል ጣቢያ ወርዶ፣ ከሸለቆው በስተ ደቡብ ባለው ረጅም ሸንተረር ላይ ሄዶ፣ በሆፕ ጣቢያ በኩል መመለስ ነው። ሁለቱም ጣቢያዎች በማንቸስተርና በሸፊልድ መካከል ባለው በዚያው የባቡር መስመር ላይ ስለሆኑ፣ ወደ ተነሣችሁበት ለመመለስ ዙሪያ መሄድ አይጠበቅባችሁም።

ከመንደሩ ወደ ሆሊንስ ክሮስ ትወጣላችሁ። ይህ ቦታ የሸንተረሩ ዝቅ ያለ መሻገሪያ ነው፤ ኢዴል የራሷ ቤተ ክርስቲያን ሳይኖራት በፊት የመንደሩ ሰዎች ሬሳ ተሸክመው ወደ ካስልተን የሚሻገሩት በዚህ በኩል ነበር። አባትዎ እዚያ ቆመው ወደ ኋላ ዳገቱን ቢያዩት፣ ቃሬዛ ተሸክሞ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ማም ቶር ትደርሳላችሁ፤ ከፍታው 517 ሜትር ሲሆን፣ መንገዱ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ተራራው ከላይ አሸዋ ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ ቶሎ የሚፈረካከስ ጭቃ ድንጋይ ስለሆነ፣ በካስልተን በኩል ያለው ጎኑ ዛሬም ይንሸራተታል። በሥሩ ያልፍ የነበረው አውራ ጎዳና በየጊዜው ቢጠገንም አልቆም ስላለ በ1979 ተዘግቷል፤ የተሰነጠቀው አስፋልት ከላይ ሆነው ሲያዩት እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተደራርቦ ይታያል።

ከማም ቶር ተመልሳችሁ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ባክ ቶር ይገጥማችኋል፤ ከዚያም ሎዝ ሂል፣ እርሱም 476 ሜትር ነው። የምመክርዎ ነገር ዋናው እዚህ ላይ ነው፦ የባክ ቶር ቀጥ ያለው ጎን በምዕራብ በኩል ያለው ነው። ከማም ቶር በኩል ከመጣችሁ ያንን የምትወጡት እንጂ የምትወርዱት አይሆንም። ብዙ ሰው ከሆፕ ተነሥቶ በተቃራኒው ይሄድና ያንን ልቅ ድንጋይ የበዛበት ገደል በጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ይወርደዋል። ጠቅላላው መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ደጋ ወዳድ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ኪንደርም ስሙ ሳይነሣ እንዳይቀር ብዬ ነው። ከኢዴል በአፐር ቡዝ በኩል አድርጎ «የያዕቆብ መሰላል» በሚባለው የድንጋይ ደረጃ መውጣት ለአባትዎ ደስ የሚያሰኝ ነው። ስሙን ሲሰሙ የዘፍጥረቱን ያዕቆብ ያስቡ ይሆናል፤ የሚነገረው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ይኖር ስለነበረ ያዕቆብ ስለሚባል ገበሬ ነው። ወደ ስኮትላንድ የሚዘልቀው የ268 ማይሉ የፔናይን መንገድ የሚጀምረው ከኢዴል ሲሆን፣ የሚያልፈውም በዚሁ በኩል ነው።

አስቸጋሪው ከላይ ያለው አምባ ነው። ከፍታው 636 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለእኛ አገር ሰው ትንሽ ይመስላል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ብቻዬን ወጥቼ አምባውን አቋርጬ ለመሄድ ስሞክር፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጉም ወርዶ የገዛ ጫማዬ እንኳ በግድ የሚታየኝ ሆነ። መሬቱ ጥቁር ረግረግ ነው፤ ውሃ የቦረቦረው ቦይ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ አንዱን ሲሻገሩ ሌላው ይመጣል። አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰጥሞ ቀረ። ኮምፓስ ባልይዝ ኖሮ የት እንደምወጣ አላውቅም። ከዚያም ላይ በግራይንድስብሩክ ሸለቆ በኩል መውረጃው ትልልቅ ድንጋይ ላይ መዝለል ስለሆነ፣ የታመመ ጉልበት ላለው ሰው አልመክረውም።

የካርታ ሰው

ስለ ማሳው ጥያቄዎ ልመልስ፤ የአባትዎ ጥንቃቄ የሚያስከብራቸው ነው። በእንግሊዝ የሕዝብ መተላለፊያ የሆነ የእግር መንገድ፣ መሬቱ የግለሰብ ቢሆንም እንኳ፣ ማንኛውም ሰው በሕግ የሚያልፍበት ነው። ገበሬው ሊዘጋው አይችልም፤ እናንተም ከመስመሩ ወጥታችሁ በእህሉ ላይ አትሄዱም። በአጥሩ በር ላይ ቢጫ ቀስት ካያችሁ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፍበታል። በሩን ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ተከፍቶ ካገኛችሁት ደግሞ እንዳለ ተዉት፤ ጥጃ የያዙ ላሞች ካሉም ራቅ ብላችሁ እለፉ።

ላልታረሰው ለከፍታው መሬት ግን እንዲህ ያለ መብት ከጥንት አልነበረም። ኪንደር ለአደን ወፎች ተብሎ ተከልሎ ይጠበቅ ነበር። ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ በአብዛኛው ወጣት ሠራተኞች የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሄይፊልድ በኩል ሆን ብለው ወጡበት። ከጥበቃዎች ጋር ግብግብ ተፈጠረ፤ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረውን የ20 ዓመቱን ቤኒ ሮትማንን ጨምሮ አምስት ሰዎች ታሰሩ። ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በካርታ በተለዩ ተራራማ መሬቶች ላይ ከመንገድ ውጭም በእግር መሄድን ፈቀደ። ለአባትዎ ይህን ይንገሯቸው፤ ያ መብት ሰው ታስሮበት የተገኘ ነው።

የብሪታንያ የካርታ ድርጅት የሆነውን የኦርድናንስ ሰርቬይን 1 ለ25,000 ካርታ በወረቀት ይግዙ። በላዩ የእግር መንገዶቹ በአረንጓዴ ሰረዝ ይታያሉ፣ 4 ሴንቲ ሜትርም አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በሸለቆው ውስጥ የስልክ መስመር ይቆራረጣል።

ጠያቂ (ከማንቸስተር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእስሩን ታሪክ ለአባቴ ማታ ነገርኋቸው፤ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «እንግዲያስ ባለቤቱን ካየነው ሰላምታ ሰጥተን እናልፋለን» አሉኝ። በሸንተረሩ ልንሄድ ወስነናል። ስንት ሰዓት ይፈጅብናል? መሀል ላይ ቢደክማቸውስ?

የሸፊልዱ ተጓዥ

ተራራ ወጪዎች በ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ብለው ያሰላሉ። በዚህ ስሌት ሦስት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ አባትዎን ይዘው፣ ዕረፍትና ምሳ ጨምረው፣ አምስት ሰዓት ይያዙ። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ከዚያ በኋላ ከሄዳችሁ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኢዴል ብትደርሱ ይመረጣል። ውሃ የማያስገባ ጃኬትና የእጅ ባትሪ አይርሱ፤ ለአባትዎ ሁለት ምርኩዝ ይያዙላቸው።

ቢደክማቸው የሚወሰነው ሆሊንስ ክሮስ ላይ ነው። ከማም ቶር ስትመለሱ በዚያው ስለምታልፉ፣ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡና ጉልበታቸውን ይጠይቋቸው። ካመማቸው በመጣችሁበት ወደ ኢዴል ውረዱ፤ ባክ ቶርን ከወጣችሁ በኋላ ግን ወደ ኋላ አትመለሱ፣ ሆፕ ይሻላችኋል።